መቀናጆ፦ አንድ አንድ በሬ ያላቸው አገልግሎቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ርዝመቷ ስድስት፣ ወርዷ አራት ርምጃ የሆነች የክርስቲያናዊ ፕሮግራም መቅረጫ ክፍል አለችን። ሦስቱን ግድግዳዎች በስፖንጅ ለብጠናቸዋል፤ አራተኛው ላይ ስንደርስ ገንዘባችን ስላለቀ አንዲት የጸሎት ቤታችን እናት የሰጡንን ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልንበት። እውነቱን ለመናገር ድምፅ በመምጠጥ ረገድ ከስፖንጁ የሚሻለው ብርድ ልብሱ ነው። ቁልፉ በሕንፃው ዘበኛ እጅ ይቀመጣል፤ በሩ ላይ ደግሞ በማስመሪያ የተሠመረ የሳምንት ሰሌዳ ተለጥፏል። ሰኞና ረቡዕ የእኛ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከእኛ ሌላ የሆነ ቤተ እምነት ወጣቶች ይቀርጹባታል። ዓርብ መስማት ለተሳናቸው ምእመናን በምልክት ቋንቋ የሚያዘጋጅ ቡድን ካሜራውን ተክሎ ይውላል። ቅዳሜን ቀድሞ የመጣ ይወስዳታል፤ የምንጣላውም ቅዳሜ ነው።

ቀድሞ ሁላችንም የየራሳችን ክፍል ነበረን። የእኛዋ ፒያሳ ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለነበረ ክረምት በገባ ቁጥር ከሰዓት በኋላ መቅረጽ አይታሰብም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ዕቃችንን በአንድ አይሱዙ ጭነን ወጣን፤ በመሀል ከተማ የሚጠየቀውን ኪራይ ለብቻችን እንደማንችለው ለመረዳትም ከደላሎች ጋር የተመላለስንባቸው ሦስት ሳምንታት በቂ ነበሩ። የቀሩት ሁለቱ ቡድኖችም በዚያው ሰሞን እንደ እኛው ቤት ፈላጊ ሆነው አገኘናቸው። ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በርካታ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ጥቂቱንም ራሴ ኤዲት አድርጌ ለአየር አብቅቻለሁ፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያስገባን ግን የቤት ኪራይ ነው።

የገባን ዕለት ዕቃችንን ወለሉ ላይ ዘርግተን ስንቆጥር የታየኝ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ሁለት ጥሩ ማይክሮፎኖችና ድምፃቸው የታወቀ አንዲት ተራኪ ነበሩን፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ግን አልነበረንም። ወጣቶቹ ኮምፒውተሩም፣ ሌሊቱን ሙሉ ኤዲት ሲያደርግ የማይደክመው ልጅም ነበራቸው፤ የሚቀርጹት ግን በስልክ ነበር። የምልክት ቋንቋው ቡድን ካሜራና መብራት ነበረው፤ ምስሉ ላይ ድምፅ መጨመር ሲፈልግ ግን የሰው ደጅ ይጠና ነበር። ለዓመታት እያንዳንዳችን የጎደለንን ዘርዝረን ባሕር ማዶ ላሉ ለጋሾች ፕሮፖዛል ስንጽፍ ኖረናል። የእኛ ጉድለት መሙያ ከእኛ ክፍል አራት መቶ ሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ «አጋርነት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስበኝ ጀመር። በክርስቲያን ቴሌቪዥኖቻችን መስኮት ላይ «የአገልግሎታችን አጋር ይሁኑ» የሚል ጽሑፍ ሲያልፍ ከሥሩ የሚከተለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ተመልካቹም ቃሉን የሚረዳው በዚያው መንገድ ነው፤ አጋር ማለት የሚከፍል ሰው ማለት ሆኗል። ሽርክና እንዳንል ደግሞ ቃሉ የነጋዴ ነው፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ሲጠራ ጆሮ ይቧጥጣል።

አባቴ ተወልደው ያደጉት ሰሜን ሸዋ ነው። ስለዚህ ነገር ሳወራላቸው «እናንተ የምትሉት ደቦ ነው፣ ወንፈል ነው ወይስ መቀናጆ?» ብለው ጠየቁኝ። በደቦ ጠሪው ባለ ሥራው ነው፤ እርሻውም የእርሱ፣ ጠላውም የእርሱ ነው፤ የመጣው ሰው በአንድ ቀን ጉልበቱን ሰጥቶ፣ በልቶና ጠጥቶ ይበተናል። ወንፈል ዙር አለው፤ ዛሬ የእርስዎን ካጨድን ነገ የእኔን ማጨድ ግድ ነው። መቀናጆ ግን የባለ አንድ በሬዎች ስምምነት ነው። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ እስኪሰለቸን የምናነበው «በቅንጅት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከመጥመድ ሥር የመጣ ነው። አባቴ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ማታ ሲሆን በሬዎቹ ይፈታሉ፣ እያንዳንዱም ወደ ባለቤቱ በረት ይገባል። ስምምነቱ ቢፈርስ እንኳ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም።

ይህን የአባቴን መለኪያ ይዤ የክርስቲያን መገናኛ ብዙኃንን ታሪክ ወደ ኋላ ስመለከት ቀድሞ የሚመጣልኝ ከዚሁ ከአዲስ አበባ የተሰማው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመውን ይህን ጣቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መርቀው የከፈቱት የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ጌጃ ላይ የተተከሉት ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ነበራቸው፤ ድምፃቸውም አፍሪካን አልፎ እስከ መካከለኛው ምሥራቅና እስከ እስያ ይደርስ ነበር። ሉተራን ያልሆኑ አብያተ ክርስቲያናትም በጋራ አስተባባሪ ኮሚቴ አማካይነት የአየር ሰዓቱን ይካፈሉ ነበር። ከስርጭቱ የሚበዛውም ስብከት አልነበረም፤ ዜና፣ የጤና፣ የእርሻና የቤተሰብ ትምህርት ነበር። የሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ አንድ ጋሼ ቤታቸው ውስጥ ስለ ወባ በመጀመሪያ የተነገረው በዚህ ጣቢያ እንደ ነበር ዛሬም ያነሣሉ፤ ስብከቱን ከምናስታውስበት ይልቅ የዜናውን ሰዓት መምጫ ሙዚቃ እናስታውሰዋለን ብለው ይስቃሉ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን የማሠራጫው ጉልበት ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነው። ፕሮግራሞቹ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ አይዘጋጁም ነበር። ናይጄሪያ ጆስ ከተማ ውስጥ በሐውሳ ቋንቋ፣ ካሜሩን ንጋውንዴሬ ላይ በፉልፉልዴ፣ ታንዛኒያ ሞሺ ላይ በስዋሂሊ፣ እንዲሁም በማዳጋስካርና በሌሎችም አገሮች የየአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የየራሳቸው ስቱዲዮ ነበራቸው። በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ ሰዎቻቸው ይቀርጹና ቴፑን በፖስታ ወደ አዲስ አበባ ይልኩታል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቴፑን ወደ አየር ትለቀዋለች፤ የፉልፉልዴው ድምፅም ካሜሩን ተመልሶ በሳቫናው ላይ ከብት የሚጠብቀው ሰው ጆሮ ይገባል። ማሠራጫ የሌለው ቋንቋውን፣ ቋንቋው የሌለው ማሠራጫውን ይዞ መጣ። መቀናጆ ማለት ይህ ነው።

በሬዎቹ በየበረታቸው ማደራቸው ምን እንደሚጠቅም የታወቀው መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ብዙ ሚሊዮን ብር የፈሰሰበት ማሠራጫ በአንድ ቀን ከአብያተ ክርስቲያናቱ እጅ ወጣ። ነገር ግን የንጋውንዴሬው ስቱዲዮ አልተወረሰም፤ ሰዎቹም፣ ሙያውም፣ ቋንቋውም በቦታቸው ነበሩ፤ ሌላ ማሠራጫ ፈልገው ቀጠሉ፣ ዛሬም አሉ። በአማርኛም ቢሆን ድምፁ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከሲሸልስ ደሴቶች ከፌባ ሬዲዮ፣ ከስዋዚላንድ ደግሞ ከትራንስ ወርልድ ሬዲዮ የሚመጣውን የአጭር ሞገድ ስርጭት በዝቅተኛ ድምፅ፣ አንዳንዶቹም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ያዳምጡት ነበር። (ብርድ ልብስ በአገልግሎታችን ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ እየገረመኝ ሄዷል።)

አንድ ሰው ተነሥቶ ማሠራጫውን የገዛው የውጭ ገንዘብ ነው፣ እኩልነቱ የት አለ ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህንኑ ጥያቄ በዘመኑ በግልጽ ያነሡት የራሳችን ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለልማት ፕሮጀክት እጃቸውን ሲዘረጉ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እንደሚሰስቱ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከፍሎ መርዳትም ለአፍሪካዊው እንግዳ እንደሆነ ተናግራለች። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። ከደብዳቤው ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዛምቢያ ሉሳካ ላይ ተሰብስቦ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብና ሚስዮናዊ ለጊዜው ይቁም በሚለው አሳብ ላይ ተከራከረ። የመካነ ኢየሱሱ ደብዳቤ ለእኔ የበለጠ የሚጠቅመኝ ነው፤ ምክንያቱም እጃችሁን አንሡ አላለም፤ ምን እንደምናርስ አብረን እንወስን አለ።

ይህ ነገር የታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት በራሴ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የውጭ አገልግሎት ስለ ቤተሰብ የሚናገር ባለ 13 ክፍል የሬዲዮ ፕሮግራም እንድናዘጋጅ ገንዘብ ሰጠን፤ ስክሪፕቱንም ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጽፈው ላኩት፤ የእኛ ድርሻ መተርጎምና መቅረጽ ነበር። በአራተኛው ክፍል አባትየው ልጁን ይቅርታ የሚጠይቀው ቅዳሜ ጧት በግል ጀልባ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመዱ ነው። ጎጃም በረንዳ ወይም ደብረ ብርሃን ያለ አባት ልጁን ይቅርታ ለመጠየቅ ጀልባ ከየት ያመጣል? አባትየው ልጁን ይዞ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄዶ ወረፋ ሲጠብቁ እንዲያወሩ አድርገን ለውጠን ጻፍነው። መልሱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በጸደቀው ስክሪፕት ላይ ለውጥ ማድረግ እንደማይቻል የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ነበር። ጀልባው ተመልሶ ገባ። የሐይቁን ድምፅ ፍለጋም ስንባዝን በመጨረሻ ባልዲ ውስጥ ውኃ እያንቦጫረቅን ቀረጽነው። ከአድማጭ በዚያ ክፍል ላይ የደረሰን አስተያየት አንድ ብቻ ነበር፤ ዓሣው ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚጠይቅ።

ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ብቻ ልጥል አልፈልግም። ስክሪፕቱን ስንቀበል ዝም ብለን ነው የተቀበልነው፤ የምንፈራው ቀጣዩ ክፍያ እንዳይዘገይ ነበር። በዚያ ስምምነት ውስጥ ሁለቱም በሬዎች የእነርሱ ነበሩ፤ እኛ እርፍ ያዦች ነበርን፤ እርፍ የሚይዝ ሰው ደግሞ ማሳው ድንጋይ ነው ብሎ አይከራከርም። ሦስት ዓመት ሲሞላ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ስናጣራ በእጃችን የቀረ መሣሪያም፣ የሠለጠነ ሰውም፣ የእኛ የሆነ አንድ ስክሪፕትም አልነበረም። ከብሥራተ ወንጌል በኋላ ንጋውንዴሬ የቀረላትን ያህል አልቀረልንም።

ስለ ሕጉና ስለ ሳተላይቱ ባጭሩ ልለፍ፤ ምክንያቱም በየስብሰባው የሚበዛው ወሬ እርሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ለሃይማኖት ድርጅቶች ፈቃድ አይሰጥም ነበርና የሳተላይት ቴሌቪዥኖቻችን የሚሠራጩት ከውጭ ሆኖ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ለሃይማኖት መገናኛ ብዙኃን የፈቃድ በር ከፈተ። የሳተላይት ኪራይ ግን በዶላር ነው የሚታሰበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ምእመኑ የሚሰጠው መባ ግን ያው ብር ነው። በየስሙ ለየብቻው ቻናል መክፈት ምን ያህል ውድ ኩራት እንደሆነ ያን ሰሞን ብዙዎች ተረዱ። አራት አገልግሎቶች የአንድ ቻናል የአየር ሰዓት ቢካፈሉ አራቱም አየር ላይ ይቆያሉ፤ ለብቻቸው ቢሆኑ አራቱም በየወሩ ዕዳ ይቆጥራሉ። ሒሳቡ ግልጽ ሆኖ ሳለ ብዙዎች የማይስማሙት በቻናሉ ስም ላይ ነው። የማን አርማ በግራ፣ የማን በቀኝ ይሁን በሚል ጉዳይ ሁለት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ፈልቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው አጋር ግን ባሕር ማዶም፣ በቻናሉ አርማ ላይም የለም፤ በየከተማው ያለችው ጸሎት ቤት ናት። አንድ ጊዜ ስለ ሐዘን ያዘጋጀነውን ፕሮግራም የሰማች ሴት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልን። ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ከተማ የምትኖር ናት፤ ባሏ ከሞተ አርባ ቀኑ እንዳለፈ፣ ለቀስተኛው እንደ ተበተነ፣ አብሯት የሚጸልይ ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች። መልእክቱ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ሰከንዱ ያህል ዝምታ ነው። በዚያ ከተማ የምናውቀው ሰው አልነበረም። በስልክ በስልክ እየተደዋወልን አንዲት የወንጌል አገልጋይ ቤቷ ድረስ እስክትሄድላት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እኛ በዚያ ወር ሪፖርታችን ላይ የጻፍነው ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደ ታየ ነበር። ዘጠኙ ቀን የሚጻፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጴጥሮስና ጓደኞቹ በሌላው ታንኳ የነበሩትን ባልንጀሮች የጠሩት ዓሣ በጠፋ ሌሊት አይደለም፤ መረቡ ሊቀደድ በደረሰ ጊዜ ነው። እኛ ግን አጋር የምንጠራው ባዶ መረብ ስንጎትት ነው፤ ሲሞላ ለብቻችን ልንጎትተው እንታገላለን፤ ያቺ ሴት ዘጠኝ ቀን ብቻዋን እንደ ቀረችው ሌላውም ከመረቡ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም አገልግሎቶች አንድ ደብተር ከፈትን። በየከተማው ሰው ቤት ድረስ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆኑ አገልጋዮች የሚመዘገቡበት ነው፤ ከማንኛችንም ቤተ እምነት ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ላይ ያልተስማማንበት ጊዜ ነበር። ደዋዩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ሆኖ የሚያጽናናው ሰው ብቻ ቢፈልግ ምን እናድርግ? እኔ የነፍስ አባቱን እንዲያነጋግር እንንገረው የሚል አቋም ያዝሁ፤ ከወጣቶቹ አንዱ እንዲህ ከሆነ ለምን እንሰብካለን ብሎ ተቆጣኝ። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በጋራ የሚሠሩበት መሆኑን ጠቅሼ ለመከራከር ሞከርሁ፤ እርሱም መጽሐፍ ማሳተምና ሰው ማጽናናት አንድ አይደሉም አለኝ። ልጁ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ለጊዜው የተስማማነው ደዋዩ ራሱ እንዲመርጥ እንጠይቀው በሚለው ነው፤ ደብተሩ ላይም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል።

ዘንድሮ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። የምልክት ቋንቋው ቡድን በሚያውቃቸው ሰዎች በኩል ናይሮቢ ያለ አንድ የሬዲዮ አዘጋጆች ቡድን ስለ ሐዘን የሠራነውን ፕሮግራም ሰምቶ፣ በስዋሂሊ አዘጋጅቶ ለአድማጮቹ ለማቅረብ ፈቃድ ጠየቀን። ገንዘብ አልጠየቁም፤ ገንዘብም አልሰጡንም። በምትኩ የድምፅ ባለሙያቸው ለሁለት ሳምንት መጥቶ ልጆቻችንን ሊያሠለጥን ተስማማ፤ ማረፊያውም ምግቡም በእኛ ነው። የስምምነቱ ሰነድ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ሦስተኛው አንቀጽ ስክሪፕቱን ለአድማጩ እንዲስማማ የመለወጥ ሥልጣን የተቀባዩ ነው ይላል። ያን አንቀጽ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስጽፈው ባልዲውን እያሰብሁ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ቀረጻ ላይ ሳለን ከናይሮቢ መልእክት ደረሰን። በሁለተኛው ክፍል ጎረቤቶች ለሐዘንተኛዋ ሽሮ ሠርተው ይዘውላት ይመጣሉ፤ ተርጓሚው ሽሮ ምን እንደሆነ አውቋል፣ አድማጮቹ ግን አያውቁትም፤ ስለዚህ በኡጋሊና በሱኩማ ዊኪ (በበቆሎ ገንፎና በጎመን) ልንለውጠው እንችላለን ወይ ይላል። ተራኪያችን ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ እየጠበቀች ነበር። ኡጋሊ በለቅሶ ቤት ይቀርብ እንደሆነ ጠየቀች፤ ጠየቅናቸው፤ ይቀርባል አሉ። እንግዲያው ይቅረብላት ብለን ጻፍንላቸውና ወደ ቀረጻችን ተመለስን፤ ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ነበር፣ ክፍሏንም ለማግስቱ ተረኞች አጽድተን ማስረከብ ነበረብን።